ሚስማር፣ ካርታና የመልስ መንገድ

ፒያሳ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ነበር። ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ ጎኑ የሰመጠ ሶፋ፣ ጥቂት የፕላስቲክ ወንበር። የአንዱ ጆይስቲክ የግራ አናሎግ ላስቲኩ ተልጦ አልቋል፤ አውራ ጣትህ የሚያርፈው ባዶ ፕላስቲክ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ከሄድክ መቀመጫ አታገኝም። ሁሉም ኳስ ይጫወታል፣ የተሸነፈ ይከፍላል። ጠዋት ግን ቤቱ ጭር ይላል። እኔ የምሄደው ጠዋት ነበር፤ በሰዓት እየከፈልኩ።

የምጫወተው ሆሎው ናይት የሚባል ጌም ነው። ማሽኑ ከውጭ ሲገባ አብሮት መጣ እንጂ ማንም ፈልጎ የጫነው አይደለም። ጌሙ አራት ማስቀመጫ አለው፤ አራት ሰው የየራሱን ጉዞ ማስቀመጥ ይችላል። አንዱን ያዝኩ። ከዚያ ማንቲስ ጌቶች የሚባሉ፣ አንበጣ የሚመስሉ ቦሶች (መንገድ የሚዘጉ ከባድ ጠላቶች) ጋ ስደርስ ቆምኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሄድኩ፣ ሞትኩ፣ ከፈልኩ፣ ወጣሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ከፍቼ ስገባ የማንቲሶቹ መንደር ተለውጧል። ትናንት ገና ሲያዩኝ ይዘሉብኝ የነበሩት ማንቲሶች ሳልፍ ጎንበስ ይላሉ። እጅ ይነሳሉ። ቦሶቹን ሌላ ሰው አሸንፎልኛል ማለት ነው።

«በኔ ፋይል ማነው የተጫወተው?»

ሶፋው ጥግ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፣ አንድ ልጅ ተቀምጧል። በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት መሆን ነበረበት፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። «እኔ ነኝ ጋሼ» አለኝ ሳያፍር። «ከባድ አይደሉም እኮ። ከመምታታቸው በፊት ይነግሩሃል።»

ይነግሩሃል። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ዓይነት ጌም ብዙ አንብቤያለሁ፣ ብዙ ቪዲዮም አይቻለሁ። የዚያን ልጅ ያህል በአንድ ቃል የጨረሰው የለም።

ነገሩን ዛሬ ያነሳሁት በሲልክሶንግ ምክንያት ነው። የሆሎው ናይት ተከታይ ነው። መሠራቱ የተነገረው በየካቲት 2019 እ.ኤ.አ. ሲሆን የወጣው ደግሞ ሐሙስ ነሐሴ 29 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ መስከረም 4 ቀን 2025። ስድስት ዓመት ተኩል አስጠበቀን። በወጣበት ሰዓት ገዢው ከመብዛቱ የተነሳ ስቲምን ጨምሮ ትልልቆቹ የኦንላይን ጌም መሸጫዎች ተጨናንቀው ቆሙ። ዋጋው ከ20 ዶላር አንድ ሳንቲም ጎደሎ ነው። እኛ እዚህ እንቁጣጣሽን ስንጠብቅ ዓለም ጥንዚዛ ይደበድብ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላው ክርክሩ ተነሳ። አንዱ ወገን «በጣም ከብዷል፣ ይህ ጨዋታ ሳይሆን ቅጣት ነው» ይላል። ሌላው «ካልቻልክ ተው፣ ሌላ ጌም ሞልቷል» ይላል። በእኛው ቴሌግራም ግሩፖችም ያው ነው፤ ስድቡ ብቻ በአማርኛ ነው። እኔ ሁለቱም ወገኖች ጥያቄውን አጣመው የያዙት ይመስለኛል። የሚከራከሩት ስለ ድብድቡ ብቻ ነው። በዚህ ዓይነት ጌም ውስጥ ግን ድብድቡን ከመንገዱ ነጥለህ ከባድ ወይም ቀላል ማለት አትችልም።

መጀመሪያ ስለ ዓይነቱ ትንሽ ልበል። ሜትሮይድቫኒያ ይባላል። የሁለት ጌሞች ስም ተቆርጦ ተሰፍቶ የወጣ ቃል ነው። አንዱ ኒንቴንዶ በ1986 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሜትሮይድ፣ ሌላው የኮናሚ ካስልቫኒያ ነው፤ በተለይም የ1997ቱ ሲምፎኒ ኦፍ ዘ ናይት። የሚገርመው፣ ከሠሪዎቹ አንዱ የሆነው ኮጂ ኢጋራሺ በኋላ እንደተናገረው በልባቸው የነበረው ሜትሮይድ ሳይሆን ዜልዳ የሚባለው ሌላው የኒንቴንዶ ጌም ነበር። ስም አንዴ ከወጣ ግን ማን ይመልሰዋል? አሠራሩ እንዲህ ነው። ትልቅ፣ እርስ በርሱ የተያያዘ አንድ ዓለም አለ። እንደ ድሮዎቹ ጌሞች አንድ ስቴጅ ጨርሰህ ወደ ሁለተኛው አትሻገርም። ሁሉም በር ከመጀመሪያው አለ፤ ግማሹ ዝግ ነው። የሆነ ችሎታ ስታገኝ ትናንት ያለፍከው ግድግዳ ዛሬ መንገድ ይሆናል።

ሆሎው ናይትን የሠራው ቲም ቼሪ የሚባል የአውስትራሊያ፣ የአደሌድ ከተማ ቡድን ነው። ጥቂት ሰዎች ናቸው። በ2014 እ.ኤ.አ. ከሕዝብ 57 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ አሰባስበው በየካቲት 2017 እ.ኤ.አ. አወጡት። ዓለሙ ሃሎውኔስት የሚባል የፈረሰ መንግሥት ነው። ምድር ሥር ነው፣ ጨለማ ነው፣ የሚኖሩበትም ነፍሳት ናቸው።

እዚህ ላይ አማርኛችን ከእንግሊዝኛው ይበልጣል። ነፍሳት ስንል ትንኝና ጥንዚዛውንም ነው፣ የነፍስ ብዙ ቁጥርም ነው። ጌሙ ውስጥ ያለው ትንሽዬ ተዋጊ ነፍሳት ነው፤ የሚሰበስበውም ነፍስ ነው። ተርጓሚ ቢኖር ገና በር ላይ ስቆ ይገባ ነበር።

ሰይፉ ሚስማር ነው። በእሱ ቁመት ሚስማር ረጅም ሰይፍ ነው። ዕድሜው የሚቆጠረው በጭንብል ሲሆን ስትጀምር አምስት አለህ። ጠላት አንዴ ሲመታህ አንዱ ይሰበራል። አሁን ዋናውን ነገር ልብ በል። ጠላትን በሚስማርህ አንዴ ስትመታ 11 ነፍስ ታገኛለህ። አንድ ጭንብል ለመጠገን 33 ነፍስ ያስፈልጋል። ሦስት ምት ማለት ነው። ነፍሱ ሲሞላ ደግሞ መሬት ላይ ቆመህ፣ ሳትንቀሳቀስ፣ አንድ ሰከንድ ገደማ ቁልፉን ተጭነህ መቆየት አለብህ። በመሃል ከተመታህ ቀረ።

በብዙ ጌም መድኃኒት በጠርሙስ ነው። ስትቆስል ትሸሻለህ፣ ጥግ ይዘህ ትጠጣለህ፣ ትመለሳለህ። እዚህ ግን ጠርሙስ የለም። መድኃኒቱ ያለው የመታህ ሰው ዘንድ ነው። ለመዳን ወደ እሱ መሄድ አለብህ። ሦስቴ መትተህ፣ ከዚያ አንድ ሰከንድ የምትቆምበት ክፍተት መፈለግ አለብህ። የቸኮለ ያልቅለታል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለዚህ ጌም የተተረተ ይመስለኛል። እኔ ከማንቲስ ጌቶቹ ጋር ሁለት ሳምንት የጨረስኩት ሲሮጡ በመታጠቅ ነው። አንድ ጭንብል ሲቀረኝ እደነግጣለሁ፣ ደንግጬ ለመጠገን እቆማለሁ፣ ቆሜ ሳለሁ ይመቱኛል።

ልጁ ግን ያይ ነበር። ማንቲስ ጌቶቹ ሦስት ዓይነት ምት አላቸው። በመሬት ተወርውሮ መውጋት፣ ከላይ ቁልቁል መውረድ፣ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ሄዶ የሚመለስ ማጭድ መሳይ ነገር መወርወር። እያንዳንዱ ምት ከመምጣቱ በፊት የራሱ አቋቋም አለው። መጀመሪያ አንዷ ብቻዋን ትመጣለች። እሷን ስትጥል የቀሩት ሁለቱ አብረው ይነሳሉ። አዲስ ምት ግን የላቸውም። ያው ሦስቱ ናቸው፣ በጥንድ። የመጀመሪያዋ መምህር ናት፣ ሁለቱ ፈተና ናቸው። ፈተናው ውስጥ ያልተማርከው ነገር አይመጣም። ስንቱ አስተማሪ ነው እንዲህ የሚፈትነው?

ካሸነፍካቸው በኋላ የሚሆነው ነገር ደግሞ የበለጠ ይገርመኛል። አይሞቱም። ይሰግዳሉ። መንደራቸውም በሙሉ መሣሪያውን ያወርዳል፣ ከኋላቸው ዲፕኔስት ወደሚባለው ጥልቅ ጨለማ ቦታ የሚወርደው መንገድ ይከፈታል። ቁልፍ አልሰጡህም፣ ሰይፍህም አልተሳለም። ዋናው ያገኘኸው ማለፊያ ነው፤ በሰፈሩ የመታወቅ መብት። ድብድቡ በር ነበር ማለት ነው።

ይህ በሁሉም ቦታ ይደጋገማል። ግሪንፓዝ በሚባለው ለምለም ቦታ ሆርኔት የምትባል ተዋጊ ትገጥምሃለች። ስታሸንፋት ካባ ታገኛለህ። ካባው በአየር ላይ ወደፊት ያስወነጭፋል። ትናንት ሰፍቶብህ የተመለስክበትን ገደል በእሱ ትሻገራለህ። ያው ቁልፍ ግን በድብድብ ጊዜ ከምት ማምለጫ ነው። መንገድ ላይ የተለማመድከው ጣት ቦስ ፊት ያድንሃል፤ ቦስ ፊት የተለማመድከው ደግሞ ገደል ያሻግርሃል። ሚስማሩም እንደዚሁ ነው። ዘለህ ቁልቁል ስትመታ ትነጥራለህ። በጠላት ራስ ላይ መንጠር ድብድብ ነው፣ በእሾህ ላይ መንጠር ደግሞ መንገድ ነው። በሲልክሶንግ የምትጫወተው በራሷ በሆርኔት ሲሆን ቁልቁል ምቷ በመጀመሪያ ሰያፍ ነው። የስንቱ የለመደ ጣት ተንከራተተ! የኔ እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልታረቀም።

አሁን ወደ ካርታው ልምጣ። እኔን የያዘኝ እሱ ነው።

አዲስ ቦታ ስትገባ ካርታ የለህም። ኮርኒፈር የሚባል ካርታ ሠሪ አለ፤ እሱን ፈልገህ ማግኘት አለብህ። የት እንዳለ የሚነግርህ የለም። ነገር ግን መሬት ላይ የተበተነ ወረቀት ታያለህ። ጠጋ ስትል ማንጎራጎሩ ይሰማሃል። በጆሮህ ነው የምታገኘው። የሚሸጥልህም ያልተጨረሰ ካርታ ነው። የቀረውን ራስህ ለመሙላት ከሚስቱ ሱቅ ላባ ብዕር መግዛት አለብህ። ብዕሩ ቢኖርህም ያየኸው ቦታ ወዲያው አይሣልም። አግዳሚ ወንበር አግኝተህ ስትቀመጥ ነው የሚሣለው። ያለህበትን ቦታ የሚያሳይ ኮምፓስም አለ፤ እሱ ግን ክታብ ነው። ክታብ የምታስርበት ቦታ ደግሞ ውስን ነው። የት እንዳለህ ለማወቅ ከኃይልህ ትቀንሳለህ። እንዲህ ያለ ጨካኝ ነጋዴ መርካቶም የለም።

ይህን ለውጭ ሰው ብታስረዳው ሊጨንቀው ይችላል። የአዲስ አበባ ልጅ ግን በዚህ አድጓል። እስቲ ለአንድ ሰው ከአራት ኪሎ ፒያሳ ያለ ቤት ንገረው። «ቁልቁል ወርደህ ራስ መኮንን ድልድይን ትሻገራለህ፤ ከዚያ ዳገቱን ትይዘዋለህ፤ ላይ ስትደርስ ደውልልኝ።» የመንገድ ስም ማንም አይጠራም። የቤት ቁጥርማ ጨርሶ አይነሳም። የምንመራው በምልክት፣ በዳገትና ቁልቁለት፣ በመጨረሻም በስልክ ነው። ካርታው ያለው በእግራችን ውስጥ ነው።

ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ቆመህ ወደ ታች ብታይ ቸርችል ጎዳና እስከ ለገሃር ተዘርግቶ ይታያል። አንዴ ያንን ካየህ የከተማውን መሃል መቼም አትስተውም፤ ላይ ማለት ማዘጋጃ፣ ታች ማለት ለገሃር ነው። ሃሎውኔስትም እንዲህ ያለ አከርካሪ አለው። ዘወትር ዝናብ የሚዘንብባት፣ ሲቲ ኦፍ ቲርስ የምትባል ከተማ አለች፤ የእንባ ከተማ። ምድር ሥር ዝናብ ከየት ይመጣል? ማንም አያስረዳህም። ከብዙ ሰዓት በኋላ በሌላ መንገድ ሽቅብ ስትወጣ አንድ ትልቅ ሰማያዊ ሐይቅ ዳር ትደርሳለህ። ድብድብ የለም፣ ዝም ያለ ውኃ ብቻ ነው። ካርታውን ስትከፍት ሐይቁ ያለው ከከተማዋ በላይ ነው። ዝናቡ የሐይቁ ፍሳሽ ነው። ያን ቀን ጆይስቲኩን አስቀምጬ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። በሰዓት እየከፈልኩ።

ሌላም አለ። የመጀመሪያው ሰፈር፣ ፎርጎትን ክሮስሮድስ፣ ስትጀምር የምትለማመድበት ቦታ ነው። እያንዳንዱን ማዕዘን ታውቀዋለህ። ጌሙን ካጋመስክ በኋላ ስትመለስ ግን ያ ቦታ ተለውጦ ይጠብቅሃል። ብርቱካንማ ወረርሽኝ ግድግዳውን ወርሶታል፣ የለመድከው መተላለፊያ ተዘግቷል፣ ትናንት በአንድ ምት የምትጥላቸው ነፍሳት ዛሬ ይፈነዳሉ። እኔ ይህን ስሜት ሁለት ጊዜ አውቀዋለሁ። ሁለተኛው በ2016 ዓ.ም. ነው፤ ዶሮ ማነቂያ ከፈረሰ በኋላ። የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቆ፣ አካባቢው ተነስቶ፣ መንገዱ ሰፍቶ ሳየው በገዛ ፒያሳዬ ቆሜ ወዴት እንደምዞር ጠፋኝ። (ኮሪደር ልማቱን ከወረርሽኝ ጋር ማመሳሰሌ አይደለም፤ የእግረኛ መንገዱን እወደዋለሁ።) የምለው ሌላ ነው። ምልክቱ ሲነሳ በምልክቱ የተሰካው መንገድም ከጭንቅላትህ አብሮ ይነሳል። እነዚያ አውስትራሊያውያን ይህን ያውቁታል። ተጫዋቹ ካርታውን በቃሉ እንዲይዝ መጀመሪያ ለፉ፤ ከያዘው በኋላ ቀየሩት።

ታዲያ ያ ካርታ ጭንቅላት ውስጥ የሚገባው እንዴት ነው? በፍርሃት ነው ባይ ነኝ። ስትሞት ገንዘብህ፣ ጂዮ ይባላል፣ ከአንተ ጋር አይመለስም። የሞትክበት ቦታ የራስህ ጥላ ይቆማል፤ ገንዘቡ እሱ ዘንድ ነው። አንተ የምትነቃው መጨረሻ በተቀመጥክበት ወንበር ላይ ነው። ሄደህ ጥላህን ገጥመህ ታስመልሳለህ። ከዚያ በፊት ዳግም ከሞትክ ግን ገንዘቡ ለዘላለም ጠፋ። ይህን የመሰለውን አሠራር በሰፊው ያስለመደው ፍሮም ሶፍትዌር የሚባለው የጃፓን ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዳርክ ሶልስ ነው። ሆሎው ናይት ላይ ግን ካርታ ከሌለው ጨለማ ጋር ሲጋባ ሌላ ነገር ይሆናል። ካርታ በሌለህ ሰፈር የሞትክበትን ቦታ በካርታ አይደለም የምትፈልገው። «ከዚያች ከምትጮኸው ትል ቀጥሎ፣ ሁለት ወድቄ፣ ወደ ግራ» እያልክ ነው። የመታህ ሁሉ ምልክት ይሆናል። የሚያስፈራህ ነገር ባይኖር ኖሮ ኮሪደሩን ታልፈው ነበር፣ አትማረውም።

ጨለማውም ለጌጥ ብቻ አይደለም። ብላስፊመስ የሚባለውን የ2019 እ.ኤ.አ. ጌም የሠሩት የስፔን ሴቪያ ልጆች ናቸው። የከተማቸውን የሕማማት ሳምንት ሰልፍ፣ ሾጣጣ ቆብና ንስሐ የሚገባ ሰው ወስደው ዓለም አድርገውታል። ደም ያበዛል፤ አንዳንዴ ለኔ ከልክ ያልፋል። ግን ቦታው የማን እንደሆነ ይታወቃል። ላሊበላ በአለት ውስጥ የተፈለፈለ የተያያዘ መተላለፊያ፣ ግድግዳ በእጅ እየዳሰሱ የሚታለፍ ጨለማ ዋሻ አለው። ይህን ሳስብ እጄን ይበላኛል። ይለፈኝ፤ ፕሮግራም መጻፍ አልችልም።

ወደ ክርክሩ እንመለስ። ሲልክሶንግ ከብዷል?

ምቱ ከብዷል። ሲልክሶንግም በአምስት ጭንብል ይጀምራል፤ ብዙ ጠላቶች ግን በአንድ ምት ሁለት ይወስዳሉ። ሦስተኛው ምት ላይ የለህም። በምላሹ ሆርኔት ሐሯን (እሷ ጋ የነፍስን ቦታ የያዘው ሐር ነው) ስትሞላ በአንዴ ሦስት ጭንብል ትጠግናለች፤ አየር ላይ ሆናም ትችላለች። ስለዚህ ሒሳቡ ያን ያህል የተዛባ አይደለም። ፈጠነ እንጂ አልጨከነም። ገንዘቡም ደስ ይላል፤ የመቁጠሪያ ዶቃ ነው። ዓለሙ ወደ ላይኛው መቅደስ የሚወጡ ተሳላሚዎች ዓለም ስለሆነ ሁሉም የሚገበያየው በመቁጠሪያ ነው። ከፍለህ ዶቃውን በክር ካሰካኸው ብትሞትም አይጠፋም። ዕቁብ እንደመግባት ነው።

እኔ የምጣላው ከሌላ ነገር ጋር ነው። ከወንበሩ እስከ ቦሱ ያለው ርቀት።

ማንቲስ ጌቶቹ መንደር ውስጥ ወንበር አለ፤ ከእነሱ ሩቅ አይደለም። ትሞታለህ፣ ትነሳለህ፣ ወዲያው እዚያው ነህ። የተነገረህን ምት ገና አልረሳኸውም። በሲልክሶንግ ግን ላስት ጀጅ የሚባል፣ የመቅደሱን በር የሚጠብቅ ቦስ አለ። እሱ ጋ ለመድረስ ነፋስ የሚነፍስበትን ገደላማ መንገድ ዘለህ፣ በራሪዎቹን አምልጠህ ነው። በሞትክ ቁጥር እንደገና። ካሸነፍከው በኋላ እንኳ አታምነውም፤ ሲሞት ይፈነዳል። አንዴ ድል ላይ ቆሜ ገድሎኛል። ባለቤቴ ከጓዳ «ምን ሆንክ?» ብላ መጣች።

አሁን የምጫወተው ቤቴ ነው። የአክስቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ ስዊች የሚባለውን በእጅ የሚያዝ የጌም ማሽን ከነጌሙ ይዞልኝ መጣ። ባትሪ አለው፤ መብራት ቢሄድም አይነቃነቅም። በነጻ ነው የምሞተው። ግን ያ ፕሌይስቴሽን ቤት ሒሳብ አስለምዶኛል። ወደ ቦሱ መድረሻው አንድ ደቂቃ ይፍጅ እንበል። ሠላሳ ጊዜ ብሞት ግማሽ ሰዓት የከፈልኩት ለእግር መንገድ ነው። የአንድ ሰዓት ብር ለያዘ የፒያሳ ልጅ ግማሹ ቀለጠ ማለት ነው። ጌም ሠሪ ሁሉ ሥራውን በሰዓት በሚከፍል ተጫዋች ላይ ቢሞክር ጥሩ ይመስለኛል። እንዲያ ያለ ልጅ የተበላሸችውን እያንዳንዷን ደቂቃ ያውቃታል፤ ብሯን እያየ ነው።

«መንገዱ እኮ ማሰቢያ ነው፣ ንዴትህ የሚበርድበት ነው» የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። መንገዱ ገና ያላወቅኩት ከሆነ እቀበላለሁ። ዲፕኔስት ውስጥ በተመለስኩ ቁጥር አንድ አዲስ ነገር አይ ነበር፤ አንድ ስንጥቅ፣ አንድ ድምፅ። መንገዱ ይነግረኝ ነበር፤ እንደ ማንቲሶቹ። አሥረኛው ጉዞ ላይ ግን የሚነግረኝ አልቆበታል። ያን ጊዜ መንገድነቱ ቀርቶ ዳገት ብቻ ነው። ሲልክሶንግ አንዳንድ ቦታ ላይ ይህን ልዩነት የሳተ ይመስለኛል። ሆሎው ናይትም ሁልጊዜ አልጠበቀውም፤ እሱ ላይ ግን የተጠራቀመ ፍቅር ስላለኝ ዝም እላለሁ።

ቲም ቼሪዎች ራሳቸው በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ማስተካከያ አውጥተዋል። መጀመሪያ አካባቢ ያሉ ሁለት ቦሶችን ትንሽ አቀለሉ፤ የአንዳንድ ወንበሮችን ዋጋ ቀነሱ። (አዎ፣ ለመቀመጥ የሚያስከፍል ወንበር አለ።) ደጋፊው ግማሹ አመሰገነ፣ ግማሹ «ለፈሪ አጎነበሱ» አለ። ሌላ መንገድ የሞከሩም አሉ። በጥር 2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የዩቢሶፍት ፕሪንስ ኦፍ ፐርዢያ፦ ዘ ሎስት ክራውን ላይ ያየኸውን ቦታ ፎቶ አንስተህ ካርታው ላይ ትሰካዋለህ። «ይህ በር ምን ነበር?» ብለህ ራስህን አታምም። የጠላት ጥንካሬና የመንገድ ምሪት ለየብቻ ይስተካከላሉ። ብልህ ነው፣ ምቹም ነው። ግን እውነቱን ልናገር፣ ያንን ጌም ከጨረስኩ በኋላ አንድም መንገዱ ትዝ አይለኝም። ፎቶዎቹ ያስታውሱልኝ ነበር። የሃሎውኔስትን መንገድ ግን አሁንም ዓይኔን ጨፍኜ እሄደዋለሁ፤ የድሮ ዶሮ ማነቂያን እንደምሄደው።

ልጁ ማንቲሶቹን ካሸነፈልኝ በኋላ ወደ ዲፕኔስት ወረድኩ። ያኔ ለፋኖስ እያጠራቀምኩ ነበር። ጨለማ ክፍሎችን የሚያበራ ፋኖስ 1,800 ጂዮ ነው፤ እኔ 1,400 ነበረኝ። መጀመሪያ ልግዛ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ከታች የሆነ ነገር ሲንኳኳ ሰማሁ፣ ዘለልኩ፣ እግሮቹ የበዙ ነገር ላይ አረፍኩ፣ ሞትኩ። ለማስመለስ ከወንበሩ ስነሳ «ሰዓት ሞልቷል!» አለኝ ቤቱን የሚጠብቀው ልጅ። ኪሴ ውስጥ የታክሲ ብቻ ነበር። ነገ ብዬ ወጣሁ።

ነገው ሳምንት ሆነ። ስመለስ በሩ ላይ ቀለም ተቀብቶበታል፣ ዕቃው ወጥቷል። ከወር በኋላ በሩም፣ ግድግዳውም አልነበረም። ማሽኑን ማን እንደወሰደው አላውቅም። የትም ይሁን የት፣ ፋይሌ ካልተደመሰሰ፣ ጥላዬ እዚያ ጨለማ ውስጥ 1,400 ጂዮ ይዞ ቆሟል። ልጁ ካላነሳው።